ጎታ ውስጥ የኖረው የብርጌድ መዝገብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ ሸኘኝ። አለቃችን ገና ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ ደምሴ እዚህ ወረታ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት…» ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ጨረሰ። ከዚያ በፊት የነበረውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም አላነሣም። አልተቀየምኩም፤ እኔም ለእነዚህ ወጣቶች አውርቼላቸው አላውቅም። ሰዓቱን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ይቀድማል።

ያ ያልተነሣው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው በአንድ እግረኛ ብርጌድ ውስጥ ነው። ወታደር ነበርኩ ስል ሰው ወዲያው ጠመንጃ ይታየዋል። እኔ ግን የብርጌዱ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ማን መጣ፣ ማን ተዛወረ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን ሞተ፤ ይህን ሁሉ ጠርዙ በቆዳ በተለበጠ አንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። መዝገቡ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። እንዴት እኔ ዘንድ እንደቀረና በገዛ እጄ ምን ጥፋት እንደጻፍኩበት ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሻምበል ባሻ ይርጋ ናቸው። ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ያሉበት፣ ብርጌዱም ሐረርጌ የሰፈረበት ነው። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። አዲስ ምልምሎችን አሰልፈው ስማችንን በየወረቀቱ አጻፉንና ሰብስበው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። «ጽሕፈትህ ያምራል፤ ግን ትቸኩላለህ» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ አንዲት ፊደል አላስጻፉኝም፤ እርሳስ ብቻ በሰንጢ ያስቀርጹኝ ነበር። መቅረጫ ይጠላሉ። ጫፉ ከተሰበረብኝ ሌላ እርሳስ ያቀብሉኛል። በወሩ መጨረሻ ጣቶቼ ቆስለው፣ ችኮላዬ ግን በእርግጥ ቀንሶ ነበር።

ከዚያ ሕጋቸውን ነገሩኝ። የወታደሩ የትውልድ አገርና የእናቱ ስም በቀለም ይጻፋል፤ አይለወጥምና። ማዕረጉ፣ ምድቡና ጤናው በእርሳስ ነው፤ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ መዝገቡ ሲታደስ፣ በሕይወት ባለ ሰው ስም ትይዩ በእርሳስ «አለ» ይባላል። የጠፋ ሰው ቦታው ባዶ ይተዋል። ሞት በቀለም ይጻፋል፤ እርሱም ሬሳውን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች ሲመሰክሩ ብቻ ነው። «አራት ዓይን» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከምስክሮቹ አንዱ አንድ ዓይና ሆኖ ተገኘና «ሦስት ዓይንስ ይበቃል?» ብዬ ቀለድኩ። ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ሞት ሲጽፉ ሥርዓት ነበራቸው። ከጣሳ ውኃ አስፈስሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ መለዮአቸውን ያደርጋሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ቆመው፣ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። ለመኮንንም ለተራ ወታደርም አንድ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ላይ ሲጽፉ ግን ተመቻችተው ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ፣ እኔን እየተረቡ ነው። አንድ ቀን የአንድ ወታደር የምድብ ለውጥ ቸኩዬ ቆሜ ስጽፍ አዩኝና ጮኹብኝ።

«ተቀመጥ አንተ! ያለ ሰው ተቀምጦ ነው የሚጻፍ! ምን በደለህ ሰውየው?»

መንግሥት ሲለወጥ ዘውድ ያለበት ነገር ሁሉ እንዲነሣ ታዘዘ። በሌሎች ክፍሎች የመዝገቡን ሽፋን ገንጥለው የጣሉ ነበሩ። ሻምበል ባሻ ማስመሪያ አስመጡና «የንጉሠ ነገሥቱ» በሚለው ላይ በእርሳስ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመሩ። «ምነው በእርሳስ?» አልኳቸው። በሩን ዞር ብለው አዩና «ቀለም ጨርሰናል» አሉ። ቀለሙ ሙሉ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብርጌዱ አዲስ ቁጥርና አዲስ ማኅተም አገኘ፤ ማኅተሙም መዝገቡ ላይ ከአሮጌው ጎን አረፈ። ውስጡን ስንገልጠው ግን ስሞቹ እነዚያው፣ እናቶቻቸውም እነዚያው ነበሩ። ምሥራቅ በተዋጋንበት ዘመንም፣ በኋላ ወደ ሰሜን ስንዛወርም መዝገቡ ያው ነበር፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ሌላ እየተሰፋበት እየወፈረ ሄደ። ሰዎች የብርጌድ ታሪክ ሲያወሩ ስለ አዛዦችና ስለ ተራሮች ያወራሉ። እኔ የማውቀው ታሪክ «አለ» የሚለው ቃል በየዓመቱ እያነሰ፣ አዳዲስ እናቶች በቀለም እየበዙ መሄዳቸውን ነው።

ሻምበል ባሻ ከሰሜን በጡረታ ሲሄዱ ሰንጢያቸውን ሰጡኝ። የመጨረሻ ሥራቸው በእኔ ስም ትይዩ «አለ» ብሎ መጻፍ ነበር። ከዚያ መለዮአቸውን በእጃቸው ይዘው መኪናው ላይ ወጡ። አላለቀሱም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

እሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ዓመት ክፉ ውጊያ ሆነ። የቦታውን ስም አልጽፈውም፤ ለሚያውቀው ይበቃዋል። ከአዛዡ «የሙታን ዝርዝር እስከ እኩለ ቀን ይድረሰኝ» የሚል ትእዛዝ መጣ። የጎደለው ሰው ብዙ ነበር፤ ድንኳኔ ደጃፍ ላይ ምስክሮች ተሰልፈዋል። አንድ ስም ላይ ደረስኩ። አበጀ ይባላል፤ ትውልዱ ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር። ያኔ ፎገራን በከብቷ ስም እሰማ እንደሆነ እንጂ አላውቃትም። አንድ አስር አለቃ ቀረበና «መድፍ ምሽጋቸው ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ አበጀ እዚያ ውስጥ ነበር» አለኝ።

«ሬሳውን አየህ?»

«የምን ሬሳ! ይኸው ካፖርቱ።»

በደም የራሰ ካፖርት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ኪሱ ውስጥ የአበጀ መታወቂያ አለ። ሬሳ ያየ ሰው የለም፤ ሁለተኛ ምስክርም የለም። ሰዓቱን አየሁ፤ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ካፖርቱን ሁለተኛ ምስክር አድርጌ ቆጠርኩት። እጄን አልታጠብኩም፤ ከወንበሬም አልተነሣሁም። እንደተቀመጥኩ «ሞተ» ብዬ በቀለም ጻፍኩ፤ ጥግ ላይ ብቻ በእርሳስ «ምስክር አንድ፤ ሬሳ አልታየም» አልኩ። የመርዶውንም ደብዳቤ እኔው ጻፍኩ፤ ማኅተም ተመታበትና ወደ ፎገራ ተላከ። ምሳዬን በላሁ። ይህንም መናገር አለብኝ፤ ጥሩ አድርጌ በላሁ።

ብርጌዱ የተበተነው ከደብረ ታቦር በታች ነው። ደርግ ሊወድቅ ወራት ቀርተውታል፤ ያለው ወረቀት ሁሉ እንዲቃጠል ታዘዘ። ደብዳቤዎቹን አቃጠልኩ፤ የስንቅ ዝርዝሩን አቃጠልኩ። መዝገቡን አንሥቼ ወደ እሳቱ ቀረብኩና እጄ እምቢ አለኝ። በድንኳን ሸራ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አሠርኩትና ከሚሸሸው ሰው ጋር ወደ ሜዳው ወረድኩ። ወረታ ስደርስ ገበያ ዳር ጨው የምትቸረችር ሴት ውኃ ሰጠችኝ። ዘውዴ ትባላለች። ጀርባዬን አየችና «ምንድን ነው እንዲህ ያጎበጠህ?» አለችኝ።

«ሰዎች ናቸው» አልኳት።

እብድ መስያት ነበር፤ በኋላ ነግራኛለች። ቢሆንም መዝገቡን ተቀብላኝ ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበረችው። እኔ ሄጄ ለድል አድራጊዎቹ እጄን ሰጠሁ፤ እንደሌላው ወታደር ተመዘገብኩ። «የክፍልህ ሰነድ የት አለ?» ሲሉኝ «ተቃጥሏል» አልኩ። ተሃድሶውን ጨርሼ ተመለስኩ፤ ጎታውም ዘውዴም በቦታቸው ነበሩ። ተጋባን። ጽሕፈቴን አይተው ወረዳው መዝገብ ቤት ቀጠሩኝ፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ጠረጴዛና ወንበር አለው። ፎገራን እንዲህ አወቅኋት። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ባሕር ሲመስል፣ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ሩዙ ሲበቅል እያየሁ ዓመታት አለፉ። አበጀ የሚለውን ስም ግን ከነትውልድ አገሩ ረስቼዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ከብዙ ስም አንዱ ነበር።

የመሬት ሽግሽግ በሚደረግበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ረዥም ከሲታ ገበሬ ግራ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ከባንኮኒው ፊት ቆመ።

«እንዴት አደራችሁ ጌቶች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ጉዳይ ነው?» አልኩት።

«ሞቼ ነው ጌታዬ።»

ባልደረባዬ ሳቀ። «ማን ሞቶብህ?»

«ኧረ እኔው ነኝ የሞትኩ! ኮሚቴው ለሟች መሬት አንሰጥም አለኝ። ሊቀ መንበሩ እኮ ተዝካሬን በልቷል! ጠግቦ በልቶ፣ ጠላዬን ጨልጦ፣ አሁን በሕይወት መኖርህን በማኅተም አስመስክር ይለኛል።»

ከጉያው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። እናቱ ያስቀመጠችው መርዶ ነው። ገና ሲዘረጋው ጽሕፈቴን አወቅሁት። ፊደሎቹ ያማሩ፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ስርዝ የሌለው ደብዳቤ ነው።

ታሪኩን እየሳቀ ነገረን። መድፉ ከመውደቁ በፊት ካፖርቱን ለቆሰለ ጓደኛው አልብሶት ነበር። ቁስለኛውን ያነሡት ሰዎች ካፖርቱን እዚያው ጥለውት ሄዱ። አበጀ ራሱ እግሩን ተመትቶ ተማረከ፤ ምርኮ ላይ ዓመታት ቆየ፤ ፊደልም የቆጠረው እዚያ ነው። መንግሥት ሲለወጥ በእግሩ አገሩ ገባ። እርሻ ላይ የነበሩ ጎረቤቶቹ ሲያዩት በሬ ከነቀንበሩ ትተው ሮጡ። እናቱ መርዶውን በሰማች ጊዜ የሚያርሰውን በሬ አርዳ ተዝካሩን አውጥታ፣ ቆብ ጭና መንኩሳለች። ሚስቱ የሺ ሁለት ዓመት ጠብቃ ባይህ የሚባል የአንበሳሜ ሰው አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። መሬቱን የሚያርሰው ባይህ ነው።

«የሺን አልወቅሳት» አለ፤ እዚህ ላይ ብቻ ሳቁን ተወ። «ደግ ሰው ነው ያገባች። ትዳሯንም አላፈርስ። ከርብ ዳር ያለችዋን ቁራሽ ብቻ ቢሰጡኝ ሩዝ እዘራባት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ድልድሉ ሊያልቅ ነው። ሰው ጎጆ ተጠግቼ እስከ መቼ?» ወረቀቱን እያጠፈ «ይኸን የጻፈውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው…» አለ።

«ብታገኘው ምን ታደርገዋለህ?» አልኩት።

«እንጃ» አለ አስቦ። «ካፖርቴን እጠይቀው ነበር።»

ባልደረባዬ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ «በሳምንቱ ተመለስ» አልኩት። ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ማስረጃው ጎታዬ ውስጥ አለ፤ ምስክሩ አንድ ብቻ መሆኑ፣ «ሬሳ አልታየም» ተብሎ በእርሳስ ጥግ ላይ መጻፉ ሁሉ አለ። ባወጣው ግን «ተቃጥሏል» ያልኩት ውሸት ይወጣል። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ባላወጣው አበጀ መሬት አልባ ሆኖ ይቀራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወንዙ ዳር ስሄድ ዋልኩ። ቤት ስገባ ዘውዴ ፊቴን አየችው። የአበጀ ወሬ ገበያ ላይ ደርሷት ነበር።

«ጎታውን ልክፈተው?» አለችኝ።

«ሥራዬን ቢያስወጡኝስ?»

«ጨው ሻጭ አግብተሃል፤ አትራብም» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጎታው ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ መዝገቡን ተሸክሜ ደረስኩ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ነበር፤ አበጀ በአንድ ወገን፣ የሺና ባይህ በሌላው፣ እናቱ እማሆይ ደግሞ ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቆመው ከሚያዩኝ ሰዎች መካከል ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ። መዝገብ ያዡ እኔ እንደነበርኩ፣ ካፖርት ምስክር አድርጌ እንደቆጠርኩ፣ ቸኩዬ እንደነበር። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ግማሹ ላይ ጠፋብኝ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን፤ እኔ ድንጋይ አልያዝኩም። መዝገቡን ማጅራቴ ላይ አደረግሁና እማሆይ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

እማሆይ «አውርደው፤ ይከብዳል» አሉኝ።

አላወረድኩም። ራሳቸው በሁለት እጃቸው አነሡልኝና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «የልጄ ሞት የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን «ሞተ» በሚለው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።

«ይቺን ታህል ናት?» አሉ። «በዚች ነው ያን ሁሉ ያለቀስኩ?»

«አዎ እማሆይ።»

«እኔስ ትልቅ ነገር መስሎኝ።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «ተነሥ በል ልጄ። አንተም ሰው ነህ። መንኩሼ የጸለይኩት ለእሱ ነፍስ ነበር፤ ይኸው ግን በሥጋው መጣልኝ። ቆቤን አላወልቅም፤ ከእንግዲህ ላንተም እጸልይበታለሁ።»

ባይህ ከመቀመጫው ተነሣ። ሊቀ መንበሩን አላየም፤ አበጀን ነው ያየው። «ያቺ የርብ ዳሯ ያንተ ናት» አለ። «ማኅተሙ ይምጣ አይምጣ እኔ ከነገ ጀምሮ አልረግጣትም።» የሺ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አበጀ ወደ እሷ አንድ ጊዜ ብቻ አየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሌላ የተነጋገሩት ነገር ካለ እኔ አልሰማሁም።

የዚያን ጊዜው አለቃዬ በማግሥቱ አስጠራኝ። ኮስታራ ሰው ነበር። «ይህ መዝገብ የት ነበር?» አለኝ። «ጎታ ውስጥ» አልኩት። ገጾቹን አገላበጠ። አንድ ስም ላይ ቆመ፤ የወንድሙ ይሁን የጓደኛው አልጠየቅሁትም። «ጎታ ውስጥ ያለው እህል ነው፤ እህል ደግሞ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ የአበጀን በሕይወት መኖር የሚመሰክረውን ደብዳቤ ፈረመ። ማኅተሙን ራሱ መታበት።

አበጀ ደብዳቤውን ሊወስድ ቤቴ ሲመጣ መዝገቡን አወጣሁ። «ሞተ» ከሚለው አጠገብ፣ ተቀምጬ፣ በእርሳስ «አለ» ብዬ ጻፍኩ።

«ሞቴን በቀለም፣ ሕይወቴን በእርሳስ?» አለ ተቆጥቶ።

«ሕግ ነው። ያለ ሰው በእርሳስ ነው።»

«ቢጠፋስ?»

«በየዓመቱ እየመጣህ ታሳድሳለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ፣ ሩዙ ተወቅቶ ሲገባ፣ አንድ ቁና ሩዝ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። «አንተ ጸሐፊ፣ መዝገቡን አውጣ። መኖሬ እንዳይጠፋብኝ» አለ። እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ወሬው ሲሰማ ሌሎችም መጡ። ከአንበሳሜ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጎንደርም ጭምር። «ልጄ አለበት?» ይሉኛል። ገጹን እያገላበጥኩ ያለውን አነብላቸዋለሁ። ባዶ ቦታ ሲሆን «አላውቅም» እላለሁ። ይህ ቃል ያን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ሻምበል ባሻ አልነገሩኝም ነበር። እሳቸው ሐረርጌ ማረፋቸውን የሰማሁት በዚያ ዘመን ነው። የመጣው መልእክተኛ አስከሬናቸውን ያየ ነው፤ አብሮት የመጣው ወንድሙም እንዲሁ። አራት ዓይን ሞላ። እጄን ታጥቤ፣ ያለኝን ኮት እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ቆሜ ጻፍኩላቸው።

ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የቀድሞ ወታደሮች ተጠራን። ለሌላ ብርጌድ፣ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ ባንዲራ መዝገብ ያዥ ሆኜ ሁለት ዓመት ግድም ቆየሁ። ልሄድ ስል እማሆይ ወረታ ድረስ መጥተው አውራ ጣታቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ባረኩኝ። «አትቸኩል» አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልነበራቸውም። እዚያም ዝርዝር ቶሎ ይፈለግ ነበር። አንድ አዛዥ የአንድ ወታደር ስም ባዶ ትቼው ወራት በማለፉ ተቆጣኝ። «ምስክር አንድ ነው ጌታዬ» አልኩት። አስፈራራኝ፤ አልጻፍኩም። ወታደሩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር ከርሞ በሦስተኛው ወር በክራንች መጣ። አዛዡ ድንኳኔ ድረስ ይዞት መጥቶ ከፊቴ አቆመውና ሄደ። በሥራ ዘመኔ ሽልማት ቢሉኝ የማስታውሰው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረዳ ኑሮ ነው። ጡረታ ልወጣ ስል ፋይሎቹ ኮምፒውተር ውስጥ ይገቡ ጀመር። ልጆቹ ሲሳሳቱ አንድ ቁልፍ ይነካሉ፤ ስሕተቱ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። ሥራው ቀልጥፏል፤ እኔም ደስ ይለኛል። የእኔ ስሕተት ግን እዚያው ነው ያለው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አየዋለሁ። የተጠላ ገጽ መሆን ነበረበት። አሁን ግን ስገልጠው ከሁሉ ገጽ በላይ የምወደው እሱ ሆኗል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እማሆይ አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ከአበጀ ጋር ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን። አሁን እኔና እሱ በዓመት አንድ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ አብረን እንሄዳለን፤ እሱ ለእግሩ፣ እኔ ለጉልበቴ። ውኃው ውስጥ ሆኖ እስካሁን ካፖርቱን ይጠይቀኛል።

ዘንድሮም ከነሩዙ መጣ። ሽበቱ ቅንድቡ ድረስ ደርሷል። መዝገቡን አወጣሁ፤ እጄም አርጅቷልና «አለ» ስል ፊደሉ ተንጋደደ። ሰንጢዬን አንሥቼ እርሳሱን ስቀርጽ፣ እሱ ቅጠሉን እያገላበጠ በምርኮ በተማረው ፊደል ስም ይቆጥር ነበር። ድንገት ቆመ።

«ይኸ አንተ አይደለህም እንዴ?»

እኔ ነኝ። የትውልድ አገሬና የእናቴ ስም በሻምበል ባሻ ጽሕፈት። ከእሱ ትይዩ በእርሳስ የጻፉልኝ «አለ» ደብዝዞ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ሁሉ ባዶ ናቸው፤ መዝገብ ያዥ ለራሱ አይጽፍም።

«ባዶ ነው» አለ አበጀ። «ባዶ ማለት ምን ነበር?»

«የጠፋ ሰው።»

«ወይ ጉድ!» አለና እርሳሱን ከእጄ ወሰደው። ጋቢውን አስተካከለ፤ እጁን በጣሳ ውኃ ታጠበ። ነገሩን ሊያከብርልኝ ብሎ ነው፤ አንድ ጊዜ እንዴት እንደሚደረግ ነግሬው ነበር፤ የቱ ለየትኛው እንደሆነ ግን ተምታቶበታል። ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብስ ድንገት ጮኽሁበት፤ ዘውዴ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«ተቀመጥ አንተ! ያለ ሰው ተቀምጦ ነው የሚጻፍ!»

ደንግጦ ተቀመጠ። ከዚያ ገባው መሰለኝ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ «አለ» ብሎ ጻፈልኝ። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ መስመሩን አልፎ የጎረቤቴን ስም ነክቷል። ሻምበል ባሻ ቢያዩት አጥፋና በሥርዓቱ ጻፍ ይሉት ነበር። ላጲሱን አንሥቼ ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት።